ቆርቆሮ፣ ሎሚና የሐረር አምባር፦ የኤሌክትሮድ ፖቴንሻል ሰንጠረዥን ደረጃ በደረጃ ማንበብ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ባለው ግቢያችን ጥግ አንድ የበሰበሰ ቧንቧ ተጋድሟል። ሆን ብዬ ነው ያላስጣልኩት። ከዓመታት በፊት ሻወር ሲገባልን ባለሙያው ዚንክ የተለበጠውን የብረት ቧንቧ ከመዳብ ቧንቧ ጋር አፍ ለአፍ አጋጠመው። በመሃላቸው ምንም አላስገባም። እኔም አጠገቡ ቆሜ አያለሁ። ኬሚስትሪ የማስጠናው እኔ! ብዙም ሳይቆይ መጋጠሚያው አላበው። ቀጥሎ ጠብ ጠብ አለ። ከዚያ አንድ ሌሊት ቤቱ በውሃ ተሞላ።

ሲፈታ የብረቱ ጫፍ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። መዳቡ ምንም አልሆነም። ጎረቤት ሁሉ «የድሬ ውሃ ነው» ብሎ ፈረደ። እርግጥ የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛዋል። የማንቆርቆሪያችን ሆድ ነጭ ቅርፊት ለብሷል። ግን እዚህ ላይ ዋናው ጥፋተኛ ውሃው አልነበረም። ሁለት የማይስማሙ ብረቶችን አንድ ላይ ያሰረው እጅ ነው። አለመስማማታቸው ደግሞ በየመማሪያ መጽሐፉ ጀርባ ባለ አንድ ሰንጠረዥ ላይ በቁጥር ተጽፏል።

ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ስትበርድ፣ በረንዳ ላይ ከ12ኛ ክፍል ልጆች ጋር የምንከፍተው ይህንኑ ሰንጠረዥ ነው። ልጆቹ ማስላት አያቅታቸውም። መልሱን ያወጡታል። «እና ምን ይላል?» ስላቸው ዝም። ስለዚህ እዚህ ከቀመሩ ይልቅ አነባበቡን ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ሦስት ቃላት

አማርኛችን እዚህ ላይ ሦስት ወጥመድ አለው። «ቆርቆሮ» በመዝገበ ቃላት ቲን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። የቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ ግን ዚንክ የተለበጠ ብረት ነው፤ ቲን አይነካውም። «እርሳስ» ከባዱ ብረት ነው፤ የምንጽፍበት እርሳስ ውስጥ ያለው ደግሞ ካርቦን ነው። «ብር»ን አታነሱብኝ። እዚህ ጽሑፍ ላይ ብር ስል ጌጡን ነው፣ የኪሱን አይደለም። እርሳስ ስል የባጃጁን ባትሪ አስቡ። ለቆርቆሮው ንጥረ ነገር «ቲን» እላለሁ፣ ጣሪያችን እንዳይቀየም።

ሌላው ስምምነት፦ «ኤ⁻» ማለት አንድ ኤሌክትሮን ነው። «²⁺» ሁለት ኤሌክትሮን የጎደለው፣ «⁻» አንድ የተረፈው ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው አዮን ይባላል። ኤሌክትሮን የሚሰጥ ኦክሲዳይዝ ሆነ ይባላል። የሚቀበል ሪዱስ ሆነ። ይኸው።

ሰንጠረዡን እንደ ደንገጎ አስቡት

ከድሬ ወደ ሐረር የሄደ ሰው ደንገጎን ያውቃል። መኪናው እየዞረ እየዞረ ይወጣል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ አየሩ ይቀዘቅዛል። ከላይ የዘነበው ዝናብ ደግሞ ማንም ሳይነግረው ወደ ታች ይወርዳል።

ኤሌክትሮንም እንዲሁ ነው። ፖቴንሻል ማለት ኤሌክትሮን ለመቀበል ያለ ጉጉት በቮልት ሲለካ ነው፤ ኤሌክትሮኑ ከኔጋቲቩ ፖቴንሻል ወደ ፖዘቲቩ በራሱ ይወርዳል። ብዙ መጽሐፍ ፖዘቲቩን ከላይ ስለሚያስቀምጥ ልጆች ይደናገራሉ። እኔ እገለብጠዋለሁ፤ ኔጋቲቩ ደንገጎ ላይ፣ ፖዘቲቩ ድሬ ሜዳ ላይ።

ማግኒዚየም²⁺ + 2ኤ⁻ → ማግኒዚየም፦ −2.37 ቮልት
አሉሚኒየም³⁺ + 3ኤ⁻ → አሉሚኒየም፦ −1.66
ዚንክ²⁺ + 2ኤ⁻ → ዚንክ፦ −0.76
ብረት²⁺ + 2ኤ⁻ → ብረት፦ −0.44
ቲን²⁺ + 2ኤ⁻ → ቲን፦ −0.14
እርሳስ²⁺ + 2ኤ⁻ → እርሳስ፦ −0.13
2 ሃይድሮጅን⁺ + 2ኤ⁻ → ሃይድሮጅን ጋዝ፦ 0.00
መዳብ²⁺ + 2ኤ⁻ → መዳብ፦ +0.34
አዮዲን + 2ኤ⁻ → 2 አዮዳይድ⁻፦ +0.54
ብረት³⁺ + ኤ⁻ → ብረት²⁺፦ +0.77
ብር⁺ + ኤ⁻ → ብር፦ +0.80
ናይትሬት⁻ + 4 ሃይድሮጅን⁺ + 3ኤ⁻ → ናይትሪክ ኦክሳይድ + 2 ውሃ፦ +0.96
ኦክስጅን + 4 ሃይድሮጅን⁺ + 4ኤ⁻ → 2 ውሃ፦ +1.23
ክሎሪን + 2ኤ⁻ → 2 ክሎራይድ⁻፦ +1.36
ወርቅ³⁺ + 3ኤ⁻ → ወርቅ፦ +1.50

እያንዳንዱ መስመር ግማሽ ሪአክሽን ይባላል፤ ሁሉም የተጻፈው በመቀበል አቅጣጫ ነው። በግራ ያለው ተቀባይ፣ በቀኝ ያለው ሰጪ። ስለዚህ ደንቡ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ከላይ በቀኝ ያለው፣ ከታች በግራ ላለው ይሰጣል። ዚንክ (ላይ፣ ቀኝ) ለመዳብ²⁺ (ታች፣ ግራ) ይሰጣል። መዳብ ለዚንክ²⁺ አይሰጥም። ውሃ ደንገጎን ወደ ላይ አይወጣም።

ሃይድሮጅን ለምን ዜሮ ሆነ? ዜሮ ስለሆነ አይደለም። ዜሮ ይሁን ስለተባለ ነው። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ናት ስንል ባሕሩን ዜሮ ብለን ተስማምተን ነው። የአንድን ግማሽ ሪአክሽን ፖቴንሻል ብቻውን መለካት አይቻልም። ቴስተር (ቮልት መለኪያው) ሁለት ጫፍ ያለው በከንቱ አይደለም፤ የሚለካው ልዩነትን ነው።

ደረጃ 1፦ ዕቃው ውስጥ በእውነት ያለውን ጻፉ

ሰዎች የሚዘሉት ይህንን ነው፤ የሚሳሳቱትም እዚሁ ላይ ነው።

አንዱ ተማሪዬ ከከፊራ ገበያ ሎሚ ገዝቶ መጣ። ዚንክ የተለበጠ ሚስማርና የመዳብ ሽቦ ሎሚው ላይ ሰካ። ሰንጠረዡን አየና «ቲቸር፣ 1.10 ቮልት ይመጣል» አለ። ቴስተሩ 0.9 አካባቢ አሳየ። «አቦ ተበላሽቷል!»

ቴስተሩ ደህና ነው። የተበላሸው ግምቱ ነው። 1.10 ቮልት የሚመጣው መዳብ²⁺ ሲኖር ነው። ጆን ዳንኤል በ1836 እ.ኤ.አ. የሠራው ባትሪ ሰማያዊ የመዳብ ሰልፌት ሙሙት ነበረው። ሎሚ ውስጥ ምን አለ? አሲድ። ማለትም ሃይድሮጅን⁺። ተቀባዩ እሱ ነው። መዳቡ ልውውጡ የሚካሄድበት መደብ ብቻ ነው፣ እንደ ከፊራ መደብ። ሃይድሮጅን⁺ን ብቻ ብንወስድ 0.00 − (−0.76) = 0.76 ቮልት ነው። ታዲያ 0.9 ከየት መጣ? ሎሚው ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን አለ፣ እሱ የበለጠ ተቀባይ ነው። የዚንክ²⁺ መጠኑም ሰንጠረዡ ከሚያስበው 1 ሞላር (በሊትር አንድ ሞል) በጣም ያነሰ ነው። ሁለቱም ቁጥሩን ወደ ላይ ይገፉታል።

የእኔ ቧንቧም ያው ነበር። ውሃው ውስጥ የረባ መዳብ²⁺ አልነበረም። ኤሌክትሮን የወሰደው በውሃው የሟሟ ኦክስጅን ነው። መዳቡ ሰፊና ምቹ መደብ ሰጠው። ዚንኩና ከስሩ ያለው ብረት ከፈሉ።

ስለዚህ ብረቶቹን ብቻ አትጻፉ። አዮኖቹን፣ አሲዱን፣ ውሃውን፣ አየሩን ሁሉ ዘርዝሩ። ከዚያ እያንዳንዱን ጠይቁ፦ ልትሰጥ ትችላለህ ወይስ ልትቀበል? አንዳንዱ ሁለቱንም ይችላል። ብረት²⁺ አንድ ኤሌክትሮን ሰጥቶ ብረት³⁺ ይሆናል፤ ሁለት ተቀብሎ ደግሞ ብረት ይሆናል። የሰንጠረዡ ሁለት ቦታ ላይ መገኘቱ ለዚህ ነው።

ደረጃ 2፦ ቀንሱ

ተቀባይ ሲቀነስ ሰጪ። ሁለቱንም ቁጥር ልክ ሰንጠረዡ ላይ እንዳለ ውሰዱ፣ ምልክቱን ሳትነኩ።

ዚንክና መዳብ²⁺፦ +0.34 − (−0.76) = +1.10።
መዳብና ሃይድሮጅን⁺፦ 0.00 − (+0.34) = −0.34።

ልጆች የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ነው። አንዱ መምህር «የሰጪውን ምልክት ገልብጣችሁ ደምሩ» ይላቸዋል። ሌላው «ቀንሱ» ይላቸዋል። ሁለቱም ትክክል ነው። ልጁ ግን ሁለቱንም ያደርጋል፤ ገልብጦ ይቀንሳል። ሁለቴ መገልበጥ አለመገልበጥ ነው። አንዱን መንገድ ምረጡና አትልቀቁት። እኔ መቀነሱን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ቁጥሩን ከሰንጠረዡ ጋር ለማመሳከር ይቀላል።

ደረጃ 3፦ ኤሌክትሮኑን አስተካክሉ፣ ቮልቱን አትንኩ

ብረት³⁺ እና አዮዳይድ⁻ን እንይ። ብረት³⁺ አንድ ኤሌክትሮን ይቀበላል። ሁለት አዮዳይድ⁻ ደግሞ አዮዲን ለመሆን ሁለት ኤሌክትሮን ይለቃሉ። ስለዚህ የብረቱን መስመር በ2 እናባዛለን፦

2 ብረት³⁺ + 2 አዮዳይድ⁻ → 2 ብረት²⁺ + አዮዲን

ፖቴንሻሉ? 0.77 − 0.54 = +0.23። የ0.77ን እጥፍ አልወሰድንም። ከደንገጎ አንድ ጀሪካን ውሃ ቢወርድም አሥር ቢወርድም ተራራው ከፍታው ያው ነው። ቮልት ከፍታ ነው። ጉልበቱ ግን በጀሪካኑ ቁጥር ይበዛል።

ይህን ያልያዘ ሰው ቀጥሎ ባለው ጥያቄ ይጠመዳል፦ ብረት³⁺ ሦስት ኤሌክትሮን ተቀብሎ በቀጥታ ብረት ሲሆን ፖቴንሻሉ ስንት ነው? ልጁ 0.77 + (−0.44) = 0.33 ይላል። ስህተት። እዚህ ሁለት ግማሽ ሪአክሽን ደምረን ሌላ ግማሽ ሪአክሽን ነው ያገኘነው። ኤሌክትሮኖቹ አልተጣፉም። ስለዚህ እያንዳንዱን በኤሌክትሮኑ ቁጥር አባዝተን፣ ደምረን፣ በጠቅላላው እናካፍላለን፦ (1 × 0.77 + 2 × (−0.44)) ÷ 3 = −0.04 ገደማ። ምልክቱ ሳይቀር ተገለበጠ። በሙሉ ሪአክሽን ላይ ግን ኤሌክትሮኖቹ እርስ በርስ ስለሚጣፉ ቀላሉ መቀነስ ይበቃል።

በነገራችን ላይ ያው ብረት³⁺ ከክሎራይድ⁻ ጋር ቢገናኝስ? 0.77 − 1.36 = −0.59። ምንም የለም። የብረት³⁺ ክሎራይድ ጠርሙስ ውስጥ ሰላም ተቀምጦ የምናገኘው ለዚህ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ልጆች ሰርኪዩት ቦርድ ሲሠሩ መዳቡን የሚበሉበትም እሱው ነው፤ 0.77 − 0.34 = +0.43።

ደረጃ 4፦ ምልክቱን፣ ከዚያ መጠኑን አንብቡ

ፖዘቲቭ ከሆነ በተጻፈው አቅጣጫ በራሱ ይሄዳል። ኔጋቲቭ ከሆነ የተገላቢጦሹ ይሄዳል። እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው ግማሹን ነው ያነበበው።

መጠኑም ይናገራል። ሪአክሽኑ ሚዛን ላይ ሲቆም ውጤቶቹ ለጀማሪዎቹ ሲካፈሉ የሚገኘው የሚዛን ቁጥር ይባላል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚዛን ቁጥሩ ሎግ = ኤን × ቮልቱ ÷ 0.0592 ነው። «ኤን» የተላለፉት ኤሌክትሮኖች ናቸው። ለዚንክና መዳብ፦ 2 × 1.10 ÷ 0.0592 = 37 ገደማ። ማለትም ከ1 በኋላ 37 ዜሮ። አንድም መዳብ²⁺ የሚተርፍ አይመስልም። አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ተላልፎ ልዩነቱ 0.3 ቮልት ቢሆን እንኳ 100,000 ያህል ይሆናል። ስለዚህ ከ0.3 በላይ ያየሁትን «አለቀለት» እለዋለሁ። ከ0.1 በታች ያየሁትን አላምነውም። ለምን እንደሆነ ወዲያው ታያላችሁ።

ጉልበቱን የሚፈልግ ደግሞ ኤን × 96,485 (የአንድ ሞል ኤሌክትሮን ቻርጅ በኩሎምብ) × ቮልቱን ያባዛል። ለዚንክና መዳብ በሞል 212 ኪሎጁል ነው፣ የሚለቀቅ ስለሆነ ኔጋቲቭ ምልክት ይጨመርበታል።

ደረጃ 5፦ ሁኔታውን አስተካክሉ

ሰንጠረዡ የሚናገረው ስለ 25 ዲግሪ፣ 1 ሞላርና 1 አትሞስፌር ነው። ድሬ ውስጥ እኩለ ቀን ላይ 25 ዲግሪ ያገኘ ካለ ይጥራኝ፣ አብረን እንቀመጥ። ግፊታችንም ከ1 አትሞስፌር ያንሳል፣ ከፍታ ላይ ነንና። ሐረር ደግሞ ከእኛም ያንሳል።

ግን አትደንግጡ። ቫልተር ኔርንስት በ1889 እ.ኤ.አ. ማስተካከያውን ሰጥቶናል፦

ቮልት = መደበኛው ቮልት − (0.0592 ÷ ኤን) × የኪው ሎግ

ኪው ማለት የውጤቶቹ መጠን ለጀማሪዎቹ ሲካፈል ነው። 35 ዲግሪ ላይ 0.0592 የነበረው 0.061 ይሆናል። ይኼው ነው የድሬ ሙቀት የሚጨምረው። የመጠኑም ለውጥ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። መዳብ²⁺ን ከ1 ሞላር ወደ 0.001 ብናቀጥነው፣ 1.10 − 0.0296 × 3 = 1.01 ቮልት። ሺህ እጥፍ ቀጥኖ 0.09 ብቻ ወረደ።

ልዩነቱ ጠባብ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቲን ለእርሳስ²⁺ ይሰጣል? −0.13 − (−0.14) = +0.01። አዎ፣ በጭንቅ። እርሳስ²⁺ን ወደ 0.1 ሞላር አቅጥኑት፣ ቲን²⁺ 1 ሞላር ይሁን። 0.01 − 0.0296 = −0.02። አቅጣጫው ዞረ! ከ0.1 በታች ያለን አላምንም ያልኩት ይህንን ነው።

ከሁሉም በላይ ግን አሲድነቱን ተጠንቀቁ። ግማሽ ሪአክሽኑ ውስጥ በተቀባዩ ጎን ሃይድሮጅን⁺ ካለ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ አሲዱ ሲቀንስ ይጨምራል) ሲጨምር ፖቴንሻሉ ይወርዳል። ኦክስጅን በአሲድ +1.23 ነው። በገለልተኛ ውሃ፣ ፒኤች 7 ላይ፣ 1.23 − 0.0592 × 7 = 0.82 ገደማ ይሆናል። አሁንም ብረትን ለመብላት ይበቃል።

በፒኤች የሚገለበጠውን እዚሁ ልንገራችሁ፣ ቤት ውስጥ የሚያገኛችሁ እሱ ስለሆነ። በረኪና ውስጥ ሃይፖክሎራይትና ክሎራይድ⁻ አብረው ይኖራሉ። አንዱ ተቀባይ፣ ሌላው ሰጪ ሊሆን ይችላል። ከተስማሙ ሁለቱም ክሎሪን ጋዝ ይሆናሉ። ጠርሙሱ ውስጥ ፈሳሹ ቤዝ ነው፣ የአሲድ ተቃራኒ። እዚያ የተቀባዩ ፖቴንሻል +0.4 አካባቢ ነው። 0.4 − 1.36 ኔጋቲቭ ነው። ሰላም። አሲድ ስትጨምሩበት የተቀባዩ ፖቴንሻል +1.6 አካባቢ ይደርሳል። 1.6 − 1.36 ፖዘቲቭ ነው። ጋዙ ይወጣል፣ ሳንባ ይበላል። በረኪና ከሽንት ቤት አሲድ፣ ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ ጋር በፍጹም አይቀላቀልም። «ሁለቱ አብረው ይበልጥ ያጸዳሉ» የምትል ጎረቤት ካለች ይህንን አንቀጽ አንብቡላት። ይህን ለማረጋገጥም አትሞክሩ፣ ስሌቱ ይበቃል።

ደረጃ 6፦ ይሄዳል ማለት ቶሎ ይሄዳል ማለት አይደለም

አሉሚኒየም −1.66 ላይ ተቀምጧል። በሰንጠረዡ መሠረት ድስታችን ሽሮ ሲሠራበት እየጠፋ ማለቅ ነበረበት። አያልቅም። ገጹ ላይ በዓይን የማይታይ ቀጭን የኦክሳይድ ቆዳ አለ። ኤሌክትሮኑ መውረድ ይፈልጋል፤ በሩ ተዘግቶበታል። ሃይድሮጅንና ኦክስጅንም እንዲሁ ናቸው። በመካከላቸው 1.23 ቮልት አለ፤ ክብሪት እስኪጫር ድረስ ግን ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ሰንጠረዡ «ይቻላል ወይ?» ለሚለው ይመልሳል። «መቼ?» ለሚለው መልስ የለውም። «አይቻልም» ካለ ግን በዚያ ሁኔታ በራሱ አይሆንም፤ የቱንም ያህል ብትጠብቁ።

አሁን ወደ ሐረር እንውጣ

ጀጎል፣ በሐረር ግንብ ውስጥ፣ የብር አንጥረኞች ሥራ የቆየ ነው። ከአያት የተወረሰ አምባር ቤታችሁ ካለ ጠቁሮ ይሆናል። ጥቁሩ ብር ሰልፋይድ ነው። አየር ውስጥ ያለ የድኝ ውህድ ከብሩ ጋር ተጣብቆ የሠራው። ብዙ ሰው ያንን ጥቁር ይፍቀዋል። ሲፍቀው ብሩ አብሮ ይሄዳል።

ሰፋ ያለ ሰንጠረዥ ሌላ መንገድ ያሳያል። ብር ሰልፋይድ + 2ኤ⁻ → 2 ብር + ሰልፋይድ²⁻፣ −0.69 ገደማ። እስቲ ይህንን ከብር⁺ +0.80 ጋር አነጻጽሩ። ብሩ ያው ብር ነው። ግን ድኝ ጠፍንጎ ስለያዘው ለመቀበል ያለው ጉጉት አንድ ቮልት ተኩል ወረደ። ሰንጠረዥ ላይ የብርን ስም አይቶ መቅዳት አይበቃም፤ ከማን ጋር እንዳለ ማየት ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ የተቀመጠ ሰጪ ፈልጉ። አሉሚኒየም አለ። −0.69 − (−1.66) = +0.97። ከበቂ በላይ ነው።

አሠራሩ፦ ጎድጓዳ የፕላስቲክ ወይም የብርጭቆ ሳህን ውስጡን በምግብ ፎይል አልብሱት፣ የሚያብረቀርቀው ጎን ወደ ላይ። አምባሩን ፎይሉ ላይ አስቀምጡ። መነካካት አለባቸው፤ ኤሌክትሮኑ የሚሄድበት መንገድ ያ ነው። አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና አንድ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። የፈላ ውሃ አፍስሱበት። ሶዳው የአሉሚኒየሙን ቆዳ ይገፍፋል፤ ደረጃ 6 ላይ ያየነውን የተዘጋ በር የሚከፍተው እሱ ነው። ጨው ለአዮኖቹ መንገድ ይሠራል። ትንሽ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ይመጣል፤ መስኮት ክፈቱ። ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ አውጡ፣ እጠቡ፣ በጨርቅ አድርቁ። ድኙ ሄደ፣ ብሩ እዚያው ቀረ።

ጥንቃቄ ግን አለው። አምበር፣ ዛጎል ወይም ሙጫ ያለበትን ጌጥ ሙቅ ውሃ ውስጥ አትክተቱ። ወርቅ የተቀባውንም ተዉት። አንጥረኛው ጌጡ እንዲጎላ ብሎ ሆን ብሎ ያጠቆረውን ስርጉድ ደግሞ ብትነኩት የሥራውን ውበት ነው የምትወስዱት።

ወርቅ ቤት ጎራ ካላችሁ ሌላም ታያላችሁ። ወርቁን በናይትሪክ አሲድ ይፈትኑታል። መዳብ ከሆነ፣ 0.96 − 0.34 = +0.62፣ ይፈላል፣ አረንጓዴ ይሆናል። ወርቅ ከሆነ፣ 0.96 − 1.50 ኔጋቲቭ ነው፣ ዝም ይላል። ተራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ መዳቡንም አይነካውም፣ ቅድም −0.34 አግኝተናል። ሁለቱ አሲዶች ሲቀላቀሉ ግን ወርቁም እጅ ይሰጣል። ክሎራይድ⁻ ወርቅ³⁺ን ስለሚከብበው 1.50 የነበረው ወደ 1.00 ይወርዳል። 0.96ና 1.00 ፊት ለፊት ተያዩ ማለት ነው። የቀረውን ክፍተት የአሲዱ ጥንካሬ ይሞላዋል። ብሩ ላይ ድኝ ያደረገውን ወርቁ ላይ ክሎራይድ⁻ አደረገ።

የባጃጅ ባትሪ

የድሬን ባጃጅ ሁሉ የሚያስነሳው እርሳስ ነው። አንዱ ጎን +1.69፣ ሌላው −0.36 (እዚህ እርሳሱ ከሰልፌት ጋር ስለሆነ ቁጥሩ ከሰንጠረዡ −0.13 ይለያል)። ልዩነቱ 2.05 ቮልት ነው። ስድስት ክፍል ተደርድሮ 12 ቮልት ከምናምን። ሲሠራ አሲዱ ይቀጥናል፤ ስለዚህ ኔርንስት እንዳለው ቮልቱ ይወርዳል። ቻርጅ ማድረግ ማለት በፓምፕ ውሃውን ደንገጎ መመለስ ነው፤ ስለዚህ ከ2.05 በላይ መግፋት ግድ ይላል።

ራሳችሁን ፈትኑ

ጣሪያ ላይ ቆርቆሮው ሚስማር በገባበት ቦታ ተጭሯል። ብረቱ ይዝጋል? ዚንክ ከብረት በላይ ስለሆነ ቀድሞ ይሰጣል። ዚንኩ እስኪያልቅ ብረቱ ደህና ነው። የቲማቲም ድልህ ጣሳው ሲጫርስ? እሱ የተለበጠው በቲን ነው። ብረት ከቲን በላይ ነው፤ ብረቱ ቀድሞ ይበላል። መንገድ ዳር የወደቀ ጣሳ ቶሎ የሚበሰብሰው ለዚህ ነው።

ላብራቶሪ ውስጥ የብረት²⁺ ሙሙት ጠርሙስ ውስጥ ንጹሕ ሚስማር ያስቀምጣሉ። ለምን? አየር የተወሰነውን ወደ ብረት³⁺ ይቀይረዋል። ሚስማሩ ለብረት³⁺ ይሰጣል፦ 0.77 − (−0.44) = +1.21። ተመልሶ ብረት²⁺ ይሆናል።

የመጨረሻው ከቧንቧዬ ጋር ዘመድ ነው። ቦይለር ውስጥ የማግኒዚየም ዘንግ አለ። ማግኒዚየም −2.37፣ የቦይለሩ ብረት −0.44። ዘንጉ ለብረቱ ብሎ ይበላል። ባለሙያ መጥቶ ቦይለሩን ሲከፍት ዘንጉ ቀጥኖ ሽቦ አክሎ ካገኘው «ተበላሽቷል» ሊላችሁ ይችላል። አልተበላሸም፣ ሥራውን ጨርሷል። አዲስ አስገቡለት። ከቦይለሩ የሚወጣው ቧንቧ መዳብ ከሆነም በመሃል የፕላስቲክ መጋጠሚያ እንዲያስገባ ንገሩት፣ እና ይህን ጊዜ ዝም ብላችሁ አትዩ።